«ቢንያም» ብለን ብንጠራው ሐዘኑን እናሸክመዋለን?

ጥያቄ፦ መምህር፥ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ታላቅ እኅቴ ወንድ ልጅ በተገላገለች ማግስት ዐረፈች። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት 40 ቀን ይሞላዋል፤ ክርስትና በተነሣ ማግስት የእናቱ ተዝካር ይውላል። አባቱ «ቢንያም» ሊለው ወስኗል። እናቴ ግን «እናቱ ስትወልደው የሞተችበት ልጅ ስም ነው፤ ሐዘኑን ዕድሜ ልኩን አታሸክሙት፤ ማስረሻ በሉት» እያለች ታለቅሳለች። የስሙ ትርጉም በእርግጥ ምንድር ነው? ይህን ስም ብናወጣለት ጥፋት ይሆንብናል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፥ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የእኅትሽንም ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። እናትሽ የጠቀሱት ታሪክ በመጽሐፍ ያለ ነው፤ ፍርሃታቸውም ልጅ የቀበረች እናት ፍርሃት ስለሆነ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ከመጨረሻው ተቆርጦ የደረሳቸው ይመስለኛል፤ ሐዘንን የተሸከመው ስም «ቢንያም» ሳይሆን ከእርሱ በፊት የወጣው ሌላ ስም ነውና።

ራሔል ለብዙ ዘመን መካን ነበረች። ዮሴፍን በወለደች ጊዜ ስሙን ያወጣችለት እግዚአብሔር ሌላ ወንድ ልጅ እንዲጨምርላት በመለመን ነበር (ዘፍ. 30፥24)። ልመናዋ የተፈጸመው ያዕቆብ ቤተሰቡን ይዞ ከቤቴል ወደ ኤፍራታ ሲጓዝ፣ በመንገድ ላይ ነው። ምጡ ጸናባት፤ አዋላጇም እንዳትፈራ፣ ይኸኛውም ወንድ ልጅ እንደሚሆንላት ነገረቻት። ነፍሷ በምትወጣበት ጊዜ ልጁን «ቤንኦኒ» ብላ ጠራችው፤ አባቱ ግን «ብንያም» አለው (ዘፍ. 35፥16-18)። መጽሐፈ ኩፋሌም ይህንኑ ሲተርክ ልጁ የተወለደው ሌሊት እንደ ነበረና ቀኑም የስምንተኛው ወር 11ኛ ቀን እንደ ሆነ ይጨምርልናል፤ ይህ መጽሐፍ በሙላት ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ላስታውስሽ።

«ቤን» በዕብራይስጥ ልጅ ማለት ነው። «ኦኒ» የሚለው ቃል ጭንቀቴ፣ ሐዘኔ፣ ለቅሶዬ ማለት ሲሆን፣ ነቢዩ ሆሴዕ ስለ ለቀስተኞች እንጀራ ሲናገር የተጠቀመበት ቃል ከዚሁ ወገን ነው (ሆሴ. 9፥4)። ስለዚህ «ቤንኦኒ» ማለት «የሐዘኔ ልጅ» ማለት ነው። ያው አነጋገር «ኃይሌ» ተብሎ ሊተረጎም እንደሚችል የሚያስታውሱ መምህራንም አሉ፤ ያዕቆብ ሮቤልን «የኃይሌ መጀመሪያ» ሲለው በዕብራይስጡ ያለው ቃል ይኸው ነውና (ዘፍ. 49፥3)። ሆኖም ራሔል በዚያ ሰዓት ስለ ኃይል ትናገር ነበር ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። ለአማርኛ ተናጋሪ ስሜቱ እንግዳ አይደለም፤ ስንታየሁ፣ ብዙአየሁ የሚሉት ስሞቻችን ወላጅ ያሳለፈውን መከራ በልጁ ስም የሚተርኩ ናቸውና፣ ራሔል ያደረገችው የእኛም እናቶች የሚያደርጉትን ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽው ስም እንምጣ። በዕብራይስጥ አጠራሩ «ቢንያሚን» ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ብንያም» ተብሎ ስለ ተጻፈ የመጨረሻዋ «ን» በእኛ ዘንድ አትሰማም። ስሙ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ «ቤን» ልጅ፣ «ያሚን» ቀኝ፤ አንድ ላይ «የቀኝ ልጅ» ወይም «የቀኝ እጄ ልጅ» ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ዕብራይስጥ መማር አያስፈልግሽም። በቅዳሴ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ «ወነበረ በየማነ አቡሁ» ስንል፣ እመቤታችንንም «ወትቀውም ንግሥት በየማንከ» በሚለው የዳዊት ቃል ስናመሰግን፣ «የማን» የምንለው ቃል የዕብራይስጡ «ያሚን» ወንድም ነው። የማነ ብርሃን ተብሎ የሚጠራ ሰው ካወቅሽ፣ ስሙ ከቢንያም ስም ጋር ግማሽ በግማሽ የሚዛመድ ነው።

ቀኝ በመጽሐፍ የክብር፣ የኃይልና የመዳን ስፍራ ነው። ሰሎሞን እናቱ ቤርሳቤህ ወደ እርሱ በገባች ጊዜ ዙፋን አስመጥቶ ያስቀመጣት በቀኙ ነው (1ኛ ነገ. 2፥19)፤ ጌታችንም በመጨረሻው ቀን በጎችን በቀኙ እንደሚያቆም ተናግሯል። «ያሚን» ደቡብ ማለትም ይሆናል፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሰው ቀኙ በደቡብ በኩል ነውና። በዚህ የተነሣ አንዳንድ የአይሁድ መምህራን፣ የቀሩት የያዕቆብ ልጆች በሰሜን በኩል በላባ አገር ተወልደው እርሱ ብቻ በከነዓን ስለ ተወለደ «የደቡብ ልጅ» ተባለ ይላሉ። የሳምራውያን ኦሪት ደግሞ መጨረሻውን «ም» አድርጎ ስለሚጽፈው «የዘመናት ልጅ»፣ ማለትም አባቱ በሸመገለ ጊዜ የተወለደ፣ የሚል ትርጉም ይሰጣል። እኔ ከሁሉ የሚስማማኝ የመጀመሪያው ነው፤ ያዕቆብ ስሙን ያወጣው የሚስቱን የመጨረሻ ቃል ሰምቶ ለእርሱ ምላሽ በመስጠት ነበርና።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። ያዕቆብ ራሔልን ይወድ ነበር፤ ስለ እርሷ 7 ዓመት አገልግሎ በልያ ከተተካችበት በኋላ እንደ ገና ሌላ 7 ዓመት አገልግሏል። እንዲህ ያለ ሰው የሚወዳት ሚስቱ በሞት አፋፍ ሆና ያወጣችውን ስም የለወጠው ቃሏን በመናቅ አይደለም። ልጁ በተጠራ ቁጥር የእናቱን ጣር እንዲሰማ አልፈለገም። ሐዘኑንም አልካደም፤ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቁሟል። መጽሐፍም «ቤንኦኒ» የሚለውን ስም ሳይደብቅ ሁለቱን ስሞች በአንድ ቁጥር ውስጥ ጎን ለጎን ጽፎ አቆይቶልናል። ለቅሶው በሐውልቱ ላይ ቀረ፤ ልጁ ግን በቀኝ ስም አደገ። እንግዲህ ባለቤቱን የቀበረው የሕፃኑ አባት ይህን ስም መምረጡ፣ ያዕቆብ በዚያ መንገድ ላይ ያደረገውን ማድረጉ ነው።

«ስሙ ዕጣውን ያበላሽበታል» የሚል ሥጋት ካለ የነገዱ ታሪክ መልስ ይሰጣል። «የቀኝ ልጅ» የተባለው ነገድ የታወቀው በግራ እጆቹ ነው፤ እስራኤልን ከሞዓብ ያዳነው ናዖድ ግራኝ ነበር፤ ድንጋይ ወንጭፈው ጠጉር እንኳ የማይስቱ 700 ግራኞችም ከዚሁ ነገድ ተቈጥረዋል (መሳ. 3፥15፤ 20፥16)። በዚያው ነገድ የጊብዓ ሰዎች አስጨናቂ ኃጢአት ተፈጽሟል፤ ከዚያው ነገድ ንጉሡ ሳኦል፣ መርዶክዮስና አስቴር፣ በኋላም ሐዋርያው ጳውሎስ ወጥተዋል። ስም ጸሎትና ምኞት ነው እንጂ አስማት አይደለም። ያዕቆብ ብንያምን ጠዋት የሚነጥቅ፣ ማታ ምርኮን የሚካፈል ተኩላ ብሎ ባረከው (ዘፍ. 49፥27)፤ ከቀደሙት አባቶች ብዙዎቹ ይህን በጳውሎስ ተርጉመውታል፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያንን አሳደደ፣ ማታ ወንጌልን ለአሕዛብ አካፈለ ሲሉ። በ7ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ 38ኛው ሊቀ ጳጳሳት የነበሩት አባ ብንያምም ስለ ሃይማኖታቸው ተሰድደው ለዓመታት በግብፅ ገዳማት ተሸሽገው መንጋቸውን የጠበቁ አባት ናቸው፤ በዚያ ዘመን ለአገራችን ጳጳስ የሚሾመው ከዚሁ መንበር ነበር።

ከስሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በየመንደሩ እናቱ በወሊድ የሞተችበትን ሕፃን «እናቱን የበላ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ይህ ክፉ ቃል ነው፤ ልጁ በሚሰማበትም በማይሰማበትም ከቤታችሁ ይጥፋ። በመጽሐፍ ውስጥ ያዕቆብም ሆነ ወንድሞቹ ብንያምን በእናቱ ሞት የወቀሱበት አንድም ቃል የለም። ዮሴፍ በግብፅ የእናቱን ልጅ ባየ ጊዜ አንጀቱ ተላውሶ ወደ እልፍኝ ገብቶ አለቀሰ፤ ፊቱን ታጥቦ ወጣና ከሌሎቹ 5 እጥፍ የሚሆን ድርሻ አቀረበለት። ዮሴፍ በወንድሙ ፊት ያየው ነገር ቢኖር የእናቱን መልክ ነው። እናትሽም በዚህ ሕፃን ፊት የልጃቸውን መልክ ያዩ ይሆናል፤ ልቅሷቸው ከስሙ ይልቅ ከዚህ የመጣ እንዳይሆን እርጋ ብለሽ አነጋግሪያቸው።

እርሳቸው ያሰቡት «ማስረሻ»ም የሚነቀፍ ስም አይደለም። ዮሴፍ የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ሲል ነው (ዘፍ. 41፥51)፤ ትርጉሙ ማስረሻ ከሚለው ጋር አንድ ነው። አባቱ «ቢንያም» ብሎ ያስመዝግበው፤ አያቱ በቤት «ማስረሻ» እያሉ ይጥሩት። አያት የራሷን ስም ማውጣቷ በባህላችን የኖረ ነው።

ሁለቱም ግን የመጠሪያ ስሞች ናቸው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቁ ዘንድ ሥርዓት የሆነው፣ አዳም በ40ኛው ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ በኩፋሌ የተጻፈውን ይዘን ነው፤ በዚያ ቀን ካህኑ የክርስትና ስም ያወጣለታል። በጸሎት፣ በፍትሐትና በተዝካር የሚነሣው ይህ ስም ነው። «ወልደ» ብሎ የሚጀምር ስም ከተሰጠው፣ እርሱም እንደ «ቤን» ልጅ ማለት ነውና ቢንያም ከሚለው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ሲያድግ አስረዱት። ተዝካሩ ማግስት ነው ብላችሁ ጥምቀቱን አታዘግዩ፤ ድግሱ ቢቀር አይጎድልም፤ የክርስትና አባቱን ግን ከወዲሁ ለዩ፤ ለካህኑም የእናቱን ዕረፍት አስቀድማችሁ ንገሩ። በማግስቱ ለተዝካሩ ስትመጡ የእኅትሽን ስመ ክርስትና በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ሕፃኑንም አያቱ ይዘውት ይምጡ።