ለእንጦጦ ጫካ የሚሆን የጀርባ ቦርሳ
እህቴ፣ ለእንጦጦ ጫካ የሚመች፣ ኪስ የማይጎዳ የጀርባ ቦርሳ ጠይቀሻል። እኔ ከፒያሳ እየተነሳሁ እሑድ እሑድ እወጣለሁ። ለቀን ጉዞ 20 ሊትር የሚይዝ ይበቃሻል። ውሃ፣ ምሳና ሹራብ በደንብ ይይዛል። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሹራቡን እንዳትተይው፤ ዛፎቹ ስር ይበርዳል።

ዋናው ነገር ማንገቻው ነው። ሰፋ ያለ፣ ስፖንጅ ያለው ይሁን። መርካቶ ሰልባጅ የሚሸጡት ጋ ጥሩ ጥሩ ቦርሳ በርካሽ ይገኛል። ግን ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ገልብጠሽ እዪ። የእኔ የመጀመሪያው ቦርሳ እዚያው ስፌቱ ላይ ነው ቁልቁለት ስወርድ የተተረተረብኝ፤ እስከ ሽሮ ሜዳ አቅፌው ወረድኩ። 2 ሊትር ውሃ ከተሽበት፣ አዝለሽ ሳትሞክሪው እንዳትገዢ። ክረምት ላይ ደግሞ ዕቃሽን ውሃ በማያስገባ ነገር ጠቅልለሽ ክተቺ።