በረኪናው፣ ጠርሙሱና የፈረሙት ወረቀት

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ጠዋት የሕፃናት ማቆያው ሳደርሰው ክፍሉ በበረኪና ሽታ ታፍኖ ነው የምናገኘው። ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ተንከባካቢዋ አጠገባቸው ስፕሬይ ስትረጭ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዳይፐር መቀየሪያው ሥር፣ በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ የተበጠበጠ በረኪና ተቀምጦ አገኘሁ። ምንም አልተጻፈበትም። ልጄ አስም አለበት፤ ሰሞኑን ሳሉ ብሶበታል። ለኃላፊዋ ስነግራት «ለልጆቹ ጤና ብለን ነው፤ ካልተመቸሽ ልጅሽን ውሰጂ» አለችኝ። ስናስመዘግበው «ልጁ ቢታመም ማቆያው አይጠየቅም» የሚል ወረቀት አስፈርመውኛል። አንዷ ተንከባካቢ ደግሞ ለብቻዬ «እኔንም ራሴን ያመኛል፤ ግን ከተናገርኩ እባረራለሁ» ብላኛለች። ምን እንደሚጠቀሙ የመጠየቅ መብት አለኝ? ወረቀቱ አስሮኛል? ልክሰሳቸው? የሦስት ወር ክፍያም ቀድሜ ከፍያለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከወረቀቱም ከክሱም በፊት ስለዚያ ጠርሙስ ልንገርዎት። ከጻፉልኝ ሁሉ በጣም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የሽታው ጉዳት ሊያከራክር ይችላል። በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና ግን ለሁለት ዓመት ልጅ ውሃ ነው። ልጁ ጠርሙሱን ያውቀዋል፣ ይጠማዋል፣ ያነሳዋል። ስለዚህ ደብዳቤ እስኪረቀቅ አይጠብቁ። ነገ ጠዋት ለኃላፊዋ በቃል ይንገሯት፤ እዚያው ቆመው እንዲነሳ ይጠይቁ። ማታ ደግሞ በስልክዎ አጭር መልእክት ይላኩላት፦ «ዳይፐር መቀየሪያው ሥር ጽሑፍ በሌለው የውሃ ጠርሙስ በረኪና ተቀምጦ ስላገኘሁ ዛሬ ጠዋት እንዲነሳ ጠይቄሻለሁ።» ከተነሳ «ስለተነሳ አመሰግናለሁ» ብለው ይጨምሩበት። ቀንና ሰዓት ያለው መልእክት ኋላ ላይ «አልሰማንም» ማለትን ይከለክላል።

በሕግም ቢሆን ካነሷቸው ነጥቦች ሁሉ የማያወላዳው ይኸው ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኬሚካል ደህንነት ስምምነት፣ ቁጥር 170፣ በአንቀጽ 11 ላይ አሠሪው ኬሚካል ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ ምንነቱ፣ አደጋውና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ለሠራተኛው እንዲታወቅ ማድረግ አለበት ይላል። ይህን ስምምነት ባላጸደቁ ብዙ አገሮችም የሥራ ደህንነት ሕጋቸው ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል። ደንቡ የተጻፈው ለአዋቂ ሠራተኛ ነው። ማንበብ የሚችለውን አዋቂ ለመጠበቅ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ማንበብ የማይችለው ሕፃን ያለበት ቤት ይህን አለማድረጉን ዳኛ ፊት ማስረዳት ለማንም ይከብዳል።

ከየት አገር እንደሚጽፉ አልነገሩኝም። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስለዚህ የትም ቢሆኑ በሚያገለግልዎት ላይ አተኩራለሁ። መነሻው የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ነው። አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማት ሥልጣን ባለው አካል የወጣውን ደረጃ እንዲያሟሉ መንግሥታትን ያስገድዳል። በተለይም ደህንነትን፣ ጤናን፣ የሠራተኛውን ቁጥርና ብቃት፣ ቁጥጥሩንም ይጠቅሳል። የማቆያ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጠቀው በዚህ መንፈስ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል ያወጣው የንጽሕና ደረጃ ካለ፣ ያንን ማግኘት ከማንኛውም የእኔ ምክር ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ብዙ ጊዜ በጽሑፍ አለ፤ ሲጠየቅ ይሰጣል።

አሁን ወደ ኃላፊዋ መልስ። «ለልጆቹ ጤና ብለን ነው» ያለችው ግማሹ እውነት ነው፤ ይህን አምነው ቢጀምሩ ይሻላል። ዳይፐር የተቀየረበት ጠረጴዛ ጀርም በሚገድል ነገር ካልጸዳ ተቅማጥ ከአንዱ ልጅ ወደ ሁሉም ይዛመታል። ያኔ ማቆያው ባለማጽዳቱ ይጠየቃል። ስለዚህ «በረኪና አትጠቀሙ» ብለው እንዳይጽፉ። እንዲህ ካሉ ኃላፊዋን ትክክል፣ ራስዎን ስህተተኛ ያደርጋሉ። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ጠንቃቃ የሆነ ተንከባካቢ በዚያ ቦታ ቢሆን እንዴት ይሠራው ነበር? ቸልተኝነት የሚለካው በዚህ ነው።

ጠንቃቃው እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ስውር አይደለም። የምርቱ መለያ ላይ ተጽፏል፤ የጤና ተቋማት መመሪያዎችም ይስማሙበታል። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ምክንያቱም ቆሻሻ ያለበት ቦታ ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ጀርም መግደያው የሚከተለው ለሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ነው፦ ለዳይፐር መቀየሪያው ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ፣ ለመጸዳጃው፣ ትውከት ወይም ደም ለነካው ቦታ። አፍ ውስጥ የገባ መጫወቻ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ታጥቦ፣ ጀርሙ ተገድሎ፣ እንደገና በውሃ ተለቅልቆ ነው ወደ ልጆቹ የሚመለሰው። የተረጨው ነገር መለያው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ወዲያው ተረጭቶ ወዲያው ከተጠረገ ጀርሙም አልሞተም፣ አየሩም ተበክሏል። የተበጠበጠ በረኪና በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል፤ ሲያድር ይደክማል። ከአሞኒያ ወይም ሽንት ቤት ውስጥ ከምንጠቀምበት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ልጆቹ ሌላ ክፍል ወይም ውጭ ይሆናሉ፤ መስኮት ይከፈታል። ከመርጨት ይልቅ ጨርቅ ነክሮ መወልወል ይመረጣል፤ ወደ አየር የሚበተነው ያንሳል።

እንግዲህ ያዩትን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበው ሳለ ስፕሬይ መርጨት ከየትኛውም መመሪያ ጋር አይገጥምም። ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ከእኛ የበለጠ አየር ይስባል፤ ወለል ላይ ይውላል፤ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የጠዋቱ ሽታም የጥራት ምልክት ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ወይ ብጥብጡ ከሚገባው በላይ መወፈሩን ነው፣ ወይ ክፍሉ ሳይናፈስ ልጆች መግባታቸውን።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ ማወቅ ነበረብኝ፦ አስሙን ሲያስመዘግቡ በጽሑፍ አሳውቀዋል? አዎ ከሆነ ማቆያው የልጁን ሁኔታ እያወቀ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ኃላፊነቱ ይከብዳል። ካላሳወቁ ዛሬውኑ ያሳውቁ። ኃላፊነቱ የሚከብደው ማቆያው ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው።

ስለ ፈረሙት ወረቀት። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያለ ነገር ከፈረመ በኋላ አፉ የተዘጋ ይመስለዋል። ይህ ስጋት ልጆችን ስለሚጎዳ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። «ልጁ ቢታመም» ማለት ምን ማለት ነው? ልጆች አብረው ሲውሉ ጉንፋን መጋባታቸው አይቀርም፤ ለዚያ ማቆያውን መክሰስ አይቻልም ማለት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ተገቢ ነው። «በእኛ ቸልተኝነት ቢጎዳም» ግን አይልም። አሻሚ የውል ቃል ደግሞ በአብዛኛው ባረቀቀው ወገን ላይ ይተረጎማል። ቃሉ ግልጽ ቢሆን እንኳ ብዙ ሕጎች አይቀበሉትም። የእንግሊዝ ሕግ ከ1977 ጀምሮ አንድ ድርጅት በቸልተኝነቱ ለሚያደርሰው የአካል ጉዳት ኃላፊነቱን በውል እንዳያስቀር ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት የ1993 መመሪያም እንዲህ ያሉ ቃሎችን ተገቢ አይደሉም ሊባሉ ከሚችሉ የሸማች ውል ቃሎች ውስጥ ይዘረዝራቸዋል። ሌላም አለ። ለአካል ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብቱ የልጁ ነው። ወላጅ ጉዳት ሳይደርስ አስቀድሞ የልጁን መብት ፈርሞ መስጠቱን ብዙ ፍርድ ቤቶች አይቀበሉም። የሚቀበሉ ቦታዎችም ስላሉ ይህን ነጥብ በአገርዎ ካለ ጠበቃ ጋር ያጣሩት። የፈቃድ ደረጃውን ግን የትኛውም ፊርማ አያነሳውም፤ እሱ በማቆያውና በመንግሥት መካከል ያለ ግዴታ ነው። የወረቀቱን ቅጂ ይጠይቁና እጅዎ ያስገቡ።

«ልክሰስ?» ላሉት፣ ዛሬ አልመክርዎትም። ካሳ ለማግኘት ጥፋቱን፣ ጉዳቱን፣ ጉዳቱም ከጥፋቱ የመጣ መሆኑን ማስረዳት አለብዎት። ሁለቱን ማሳየት ይቻል ይሆናል። ሦስተኛው ግን ከባድ ነው። ማቆያ የሚውል አስም ያለበት ልጅ በቫይረስም ያስላል፤ የማቆያው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንን ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ይመዝግቡ። ሳሉ የበረታው የትኛው ቀን ነው? ጠዋት ሽታው ነበር? ቅዳሜና እሁድ ይቀልለታል? ልጁን ሐኪም ዘንድ ሲወስዱ የምርቱን ስም ይንገሩ፤ ሐኪሙ ልጁ እንዲርቀው ካዘዘ ትእዛዙን በጽሑፍ ይቀበሉ። ፎቶ ካነሱ ጠርሙሱን ብቻ፤ የሌላ ሰው ልጅ እንዳይገባበት። የኃላፊዋን ድምፅ በድብቅ አይቅዱ፤ በብዙ ቦታ ራሱ ወንጀል ነው።

የመጠየቅ መብት አለዎት ወይ? አለዎት። ልጅዎን አደራ የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ ልጅዎ የሚተነፍሰውን ማወቅ ውሉ ውስጥ ባይጻፍም ከውሉ የሚመነጭ ነው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ክስ አይምሰል። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

«ልጄ አስም እንዳለበት በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። እሱ በሚውልበት ክፍል ለማጽጃና ጀርም ለመግደያ የምትጠቀሙባቸውን ምርቶች ስም፣ የአበጣበጡን መጠን፣ የምትጠቀሙበትን ሰዓትና በዚያን ጊዜ ልጆቹ የት እንደሚሆኑ በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ። የምርቶቹን የደህንነት መረጃ ቅጽ ቅጂም ብትሰጡኝ ለሐኪሙ አሳያለሁ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሳሉ እንዳይረጭ፣ ኬሚካሎቹም በራሳቸው ዕቃ ወይም ስማቸው በተጻፈበት ዕቃ፣ በተቆለፈ ቦታ እንዲቀመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከታች መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ይጻፉ፤ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» ብላ ትፈርምልዎት። ካልፈረመች በኢሜይል ይላኩት። የደህንነት መረጃ ቅጽ ያልኩት አምራቹ የሚያዘጋጀው ሰነድ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ወጥ አሠራር 16 ክፍሎች አሉት፤ ክፍል 2 አደጋውን፣ ክፍል 4 የመጀመሪያ ርዳታውን ይናገራል። ሥራዬ ብሎ ኬሚካል የሚጠቀም ተቋም ይህን ማቅረብ ካቃተው፣ እሱ ራሱ አንድ መልስ ነው።

ተንከባካቢዋን በተመለከተ አደራ እላለሁ፦ ስሟን በደብዳቤው ውስጥ አይጥቀሱ፣ «ሠራተኞችሽም ያማቸዋል» እንኳ አይበሉ። ማን እንደነገረዎት ወዲያው ይታወቃል። እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ይበቃዎታል። ለእሷ ግን መብት እንዳላት ይንገሯት። ስምምነት ቁጥር 170 በአንቀጽ 18 ላይ፣ ሠራተኛ ከኬሚካል ከባድና ፈጣን አደጋ እንደሚደርስበት በቂ ምክንያት ካለው ከዚያ ቦታ ዞር ማለት እንደሚችልና በዚህ የተነሳ ያላግባብ እንዳይጎዳ ይደነግጋል። ስለሚጠቀሙበት ኬሚካል መረጃና ሥልጠና ማግኘትም መብቷ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስፕሬይ የምትረጨውን ሴት አሠራሩን ማንም አላሳያትም፤ የሚጠየቀውም ቀድሞ አሠሪው ነው።

መልስ ካልመጣ፣ ወይም መልሱ ያው «ልጅሽን ውሰጂ» ከሆነ፣ ወደ ፈቃድ ሰጪው ወይም ተቆጣጣሪው አካል ይሂዱ። እዚያ ጉዳት ደረሰ ብለው ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ያዩትን፣ ቀኑን፣ የላኩትን መልእክትና ደብዳቤ ማስገባት ይበቃል፤ መርምሮ ማጣራት የእነሱ ሥራ ነው። ከክስ ይልቅ በዚህ መንገድ ነው ክፍሉ ቶሎ የሚለወጠው፤ ለልጅዎ ብቻ ሳይሆን እዚያ ለሚውሉት ሁሉ። እስከዚያው የማቆያውን ስም ጠቅሰው በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ። እውነት ቢሆንም፣ ገና ያልተረጋገጠ ነገር ይዘው የስም ማጥፋት ክርክር ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

ስለ ይርጋም፣ ማለትም መብትን በክስ ለመጠየቅ ስለተቀመጠው የጊዜ ገደብ፣ ላንሳ። በብዙ አገር የልጁ የራሱ የካሳ መብት አካለ መጠን እስኪደርስ አይቆጠርበትም። እርስዎ ያወጡት የሕክምና ወጪ ግን የእርስዎ ጥያቄ ነው፤ የእሱ ጊዜ ከአሁን ጀምሮ ሊሮጥ ይችላል። ደረሰኞችን አይጣሉ።

የከፈሉት ገንዘብ ደግሞ እንደ ውልዎ ይወሰናል። «ተመላሽ አይሆንም» የሚል ቢኖርበትም፣ ማቆያው ልጁን በደህና የመጠበቅ ዋና ግዴታውን ካልተወጣ ላልዋለበት ጊዜ የከፈሉትን የመጠየቅ መንገድ በአብዛኛው አለ። ነገር ግን ብዙ ሕጎች አስቀድመው አስጠንቅቀው የማስተካከያ ጊዜ መስጠትዎን ይፈልጋሉ፤ ደብዳቤው ይህንንም ይሠራልዎታል። ሐኪሙ «እዚያ መዋል የለበትም» ካለ ግን የሰጡት ጊዜ እስኪያልቅ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ያውጡት፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ለማቆያው ያሳውቁ። የገንዘቡ ክርክር ይደርሳል።