የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድምፅ ልምረጥ ወይስ የዳንስ ፊልም?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የፊልም ተማሪ ነኝ። ትምህርቱን የጀመርኩት ዳይሬክተር ለመሆን አስቤ ነበር፤ ሆኖም በአንድ የቡድን ሥራ ላይ ድምፅ የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ቡሙን (ማይክ የሚታሰርበትን ረጅም ዘንግ) እኔ ያዝኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ወደ ድምፅ ሆኗል። ወደ ፊልም ትምህርት ከመግባቴ በፊት ለዓመታት ዳንስ ስለተማርኩ የመመረቂያ ሥራዬ የዳንስ ፊልም እንዲሆን እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ግን ሁለቱ የተለያዩ መንገዶች ስለሆኑ አንዱን ብቻ መምረጥ እንዳለብኝ ነግረውኛል። የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ የዳንስ ፊልም ሙዚቃ ተደርቦበት ስለሚያልቅ የድምፅ ባለሙያ አያስፈልገውም ይላሉ። እውነታቸውን ነው? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሚሉትን ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ትክክል ግን አይደለም። እንዲያውም ድምፅን አጥብቀው ከሚፈልጉ የፊልም ዓይነቶች አንዱ የዳንስ ፊልም ነው ብዬ አምናለሁ። ዳንሰኛ መድረክ ላይ ሲዘል ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ተመልካች የሚሰማው ሙዚቃውን ብቻ አይደለም። እግሩ ወለሉን ሲመታ፣ ከመዝለሉ በፊት አየር ሲስብ፣ ሲዞር ልብሱ ከሰውነቱ ትንሽ ዘግይቶ ሲከተለው፣ መዳፉ የሌላውን ክንድ ሲጨብጥ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ አብሮ ይደርሰዋል፤ የሰውነትን ክብደት የሚረዳውም በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በዚህ ድምፅ ጭምር ነው። ይህ ሁሉ ተወግዶ ምስሉ ላይ ሙዚቃ ብቻ ሲደረብ ዳንሰኛው መሬት የማይነካ ይመስላል። ተመልካቹ ምን እንደጎደለው መናገር ባይችልም፣ ዝላዩ ከፍታውን ውድቀቱም ጉልበቱን ያጣበታል።

ከድምፅ ተነሥቶ ወደ ዳንስ ፊልም መድረስም አዲስ ነገር አይደለም። ቤልጂጋዊው ቲየሪ ደ ሜይ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ኮሪዮግራፈሯ (የዳንስ አቀናባሪዋ) አን ቴሬሳ ደ ኬርስማከር እ.ኤ.አ. በ1983 ለመድረክ ላበቃችው «ሮሳስ ዳንስት ሮሳስ» ለተባለ ሥራ ሙዚቃውን ከፒተር ፈርሜርሽ ጋር ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ያንኑ ሥራ ወደ ፊልም የለወጠውም እርሱ ራሱ ነው። የሥራው የመጀመሪያ ክፍል ሙዚቃ የለውም። ሴቶቹ ወለል ላይ ተኝተው ሲገለባበጡ የሚሰማው ትንፋሻቸውና ገላቸው ከወለሉ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ድምፅ ነው፤ ምቱንም ሰሚው የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ይህን ክፍል አንድ ጊዜ በምስሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዓይንዎን ጨፍነው እንዲከታተሉት እመክርዎታለሁ።

በተቃራኒው፣ የፊልም ሠሪዋ ሜያ ዴረን እ.ኤ.አ. በ1945 የሠራችውና ታሊ ቢቲ የሚደንስበት አጭር ፊልም ጨርሶ ድምፅ የለውም። ዳንሰኛው ጫካ ውስጥ ያነሣውን እግሩን ቤት ውስጥ ያሳርፈዋል፤ ሁለቱን ቦታዎች አንድ የሚያደርጋቸው እንቅስቃሴው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። የዳንስ ፊልም የተቀረጸ ዳንስ ብቻ ሳይሆን በኤዲቲንግ የሚፈጠር ዳንስ መሆኑን ከዚህ ይበልጥ በግልጽ የሚያሳይ ሥራ አላውቅም። ለልምምድ ያህል ያ እግር ድምፅ ቢኖረው ምን እንደሚሰጡት ያስቡ። ቅጠል ሲረገጥ የተሰማው ድምፅ ወዲያው በጣውላ ድምፅ ይተካ? ወይስ የጫካው ነፋስ ተከትሎ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ይቆይ? የመጀመሪያው ምስሉ የተቆረጠበትን ቦታ ያጎላዋል፤ ሁለተኛው ይሰውረዋል። የሳውንድ ዲዛይን ትምህርት በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ምርጫ በጆሮ መለየት መቻል ነው።

አሁን ወደ ቀረጻው እንግባ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነውና። በዳንስ ፊልም ካሜራው ብዙ ጊዜ ዳንሰኛውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ስለሚያሳይ ቡም የያዘ ሰው የሚጠጋበት ቦታ አያገኝም። ልብስ ውስጥ የሚደበቀው ትንሽ ማይክም ብዙ አያዋጣም፤ ጨርቁ ይፈትገዋል፣ ላብ ያበላሸዋል፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው ማስተላለፊያም ዳንሰኛው ወለል ላይ ሲንከባለል ሊጎዳው ይችላል። በዚህ ላይ ሙዚቃው በስፒከር ስለሚለቀቅ ማይኩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው እርሱን ነው። ብዙ የተማሪ ቡድኖች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ከካሜራው የተገኘውን ድምፅ ለማመሳሰያ ብቻ ይይዙና ሌላውን ይተዉታል።

መፍትሔው ግን ትንሽ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ዳይሬክተሩ ምስሉ እንደተሳካ ከተናገረ በኋላ፣ የዳንሰኞቹ ሰውነት ሳይቀዘቅዝ፣ ያንኑ ክፍል ያለ ሙዚቃ በልባቸው እየቆጠሩ አንድ ጊዜ እንዲደግሙት ይጠይቁ። ካሜራው ስለማይሠራ ቡሙን ዳንሰኞቹን እስከማያደናቅፍ ድረስ ወደ እግራቸው ማስጠጋት ይቻላል። ሁለት ማይክ ካለዎት አንዱን ከወለሉ አጠገብ ስፖንጅ ላይ አሳርፈው፣ ሌላውን ለትንፋሽና ለልብስ ከላይ ይያዙት። የድምፁን መጠን የሚያስተካክሉት ዳንሰኞቹ ቀለል አድርገው ሲሞክሩ ሳይሆን ከባዱን ዝላይ በሙሉ ጉልበታቸው ሲያርፉት መሆን አለበት፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ፣ ማለትም ድምፁ መበላሸት ከሚጀምርበት ጣሪያ፣ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ቢቆም ለድንገተኛ ምት ቦታ ይኖረዋል። እጅግ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድምፅ ሳያበላሽ የሚይዝ ባለ 32 ቢት ፍሎት ሪከርደር ይህን ጭንቀት ይቀንሰዋል፤ ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ከተመታ ግን አያድነውም። ሪከርደሩ ላይ ለፊልም የሚመረጠው የተለመደ የጥራት ልክ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ነው። በመጨረሻም ማንም ሳይንቀሳቀስ የቦታውን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቅረጹ፤ ኤዲቲንግ ላይ በእግር ድምፆች መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞሉት በእርሱ ነው።

ተማሪዎች ከሚዘነጓቸው ነገሮች አንዱ ድምፅ ለመድረስ ጊዜ የሚፈጅ መሆኑ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚቀረጽ ፊልም አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ስለሚቆይ፣ ድምፅ በአንድ ፍሬም የሚያልፈው ርቀት ከ14 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ስፒከሩ ከካሜራው ጎን ቢቀመጥና ዳንሰኛዋ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ 28 ሜትር ርቃ ብትደንስ፣ ምቱን የምትሰማው ሁለት ፍሬም ያህል ዘግይታ ነው። ሙዚቃውን ከማጫወቻው በቀጥታ በገመድ ወስደው ከምስሉ ጋር ሲያመሳስሉት ዳንሰኛዋ ከምቱ የቀረች ትመስላለች፤ ጥፋቱ ግን የእርሷ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ስፒከሩን ወደ እርሷ ማስጠጋት ነው፤ ካልተቻለም ርቀቱን በቀረጻ ማስታወሻዎ ላይ ጽፈው ኤዲተሩ ሙዚቃውን በዚያው ልክ እንዲያዘገየው ያድርጉ። ይህን የሚያውቅ የድምፅ ሰው በኮሪዮግራፈር ዘንድ ወዲያውኑ ይከበራል።

ስሎው ሞሽንም የራሱ ዝግጅት አለው። በሰከንድ 50 ፍሬም ተቀርጾ በ25 የሚታይ እንቅስቃሴ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዳንሱ ከሙዚቃው ጋር እንዲገጥም ከተፈለገ በቀረጻው ላይ ሙዚቃው በእጥፍ ፍጥነት መለቀቅ አለበት፤ በደቂቃ 60 ምት ያለው በ120 ይለቀቃል ማለት ነው። ዳንሰኞቹ በዚህ ፍጥነት አስቀድመው መለማመድ ስላለባቸው ፈጣኑን ቅጂ አዘጋጅቶ ገና በልምምድ ጊዜ ይዞ የሚገኘው የድምፅ ባለሙያው ነው። ዳንሰኞቹ እየደነሱ የሚናገሩበት ትዕይንት ካለ ደግሞ ሙዚቃው ይቋረጥና 40 ኸርዝ አካባቢ ያለ ዝቅተኛ ምት ብቻ ይለቀቃል፤ እርሱን እየሰሙ ይደንሳሉ፣ በኋላም ንግግሩ ሳይጎዳ በማጣሪያ ይወገዳል። በጣውላ ወለል ላይ ግን ማጣሪያው ከእግሩ ድምፅ ጥልቀት ጥቂት ስለሚወስድ እግሩን ለብቻው መቅረጽ አይቀርም።

በስሎው ሞሽን ለተቀረጸ ምስል በቦታው የተያዘው የእግር ድምፅ አይስማማውም፤ እንደገና መሠራት አለበት። ይህም ወደ ፎሊ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የድምፅ ሥራ በጀመረው በጃክ ፎሊ ስም የሚጠራው ይህ ሙያ ምስሉን እያዩ የእርምጃን፣ የልብስንና የዕቃን ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ በገዛ ሰውነት መሥራት ነው። የፎሊ ባለሙያ ሌላው ሰው ተረከዙን ያስቀድም ወይስ ጣቱን፣ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳለ፣ ከማረፉ በፊት ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈ አይቶ በዚያው ቅጽበት በእግሩ መድገም አለበት። ሌሎች ተማሪዎች ይህን ለመልመድ ብዙ ይደክማሉ፤ ዳንስ የተማረ ሰው ግን ሰውነቱ ያውቀዋል። በእርስዎ ቦታ ብሆን በትምህርት ቤቱ ስቱዲዮ ውስጥ ትርፍ ሰዓት ባገኘሁ ቁጥር የምለማመደው ይህን ነበር።

የአማካሪዎን ምክር በአንድ ነጥብ እደግፈዋለሁ። በአንድ የቀረጻ ቦታ ላይ ዳይሬክተርም ድምፅ ቀራጭም መሆን አይቻልም። ዳይሬክተር ዳንሰኞቹን በሚያነጋግርበት ሰዓት ድምፅ ቀራጩ የሚያንጎራጉረውን የአየር ማቀዝቀዣ የሚያስጠፋ ሰው እየፈለገ ነው። ስለዚህ በመመረቂያ ፊልምዎ የድምፅ ቀረጻውን ለሚያምኑት የክፍል ጓደኛ ሰጥተው፣ ዳይሬክቲንጉንና ከቀረጻ በኋላ ያለውን የድምፅ ሥራ እርስዎ ይያዙ። ጓደኛዎም ፊልም ሲሠራ በተራዎ ድምፁን ይያዙለት። እስከ ምረቃ ባለው ጊዜም የቀረበልዎትን የድምፅ ሥራ ሁሉ ይቀበሉ፤ በተማሪዎች መካከል ካሜራ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ግን ሁልጊዜ ይፈለጋል። ከምረቃ በኋላም ብዙዎች የሚገቡት በረዳትነት ወይም በቡም ያዥነት ነው፤ ከዚያ ወደ ድምፅ ቀረጻ ኃላፊነት፣ ወይም ወደ ንግግር ኤዲቲንግ፣ ወደ ፎሊና ወደ ሚክሲንግ (ድምፆችን መጥኖ ወደ ማዋሐድ) ይከፋፈላሉ። በግልጽ ለመናገር የዳንስ ፊልም ብቻውን ኑሮን የሚሸፍንላቸው ጥቂቶችን ነው፤ የድምፅ ሙያ ግን በልብ ወለድ ፊልምም፣ በዘጋቢ ፊልምም፣ በማስታወቂያም ስለሚፈለግ የራስዎን አጫጭር የዳንስ ፊልሞች እየሠሩ እንዲቆዩ ያስችልዎታል። እነዚህን ሥራዎች የሚቀበሉ ለዳንስ ፊልም ብቻ የተቋቋሙ ፌስቲቫሎችም አሉ፤ በኒውዮርክ የሚካሄደው ዳንስ ኦን ካሜራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

ለፌስቲቫል ካሰቡ ግን የሙዚቃውን ፈቃድ ከልምምዱ በፊት ይጨርሱ። የታወቀ ዘፈን ለመጠቀም ከድርሰቱ ባለመብትም ከቅጂው ባለመብትም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዳንሱ በዚያ ዘፈን ከተቀረጸ በኋላ ሌላ መፈለግ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በተቃራኒው የድምፅ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ዳንስ ግን ምንም አላውቅም። አንድ ኮሪዮግራፈር ለሚያዘጋጀው አጭር ፊልም ድምፁን እንድሠራለት ጠይቆኛል። ልቀበለው?

መልስ፦ ይቀበሉት፤ ነገር ግን ከካሜራው በፊት ልምምዱ ላይ ይገኙ። በመጀመሪያው ቀን ሪከርደርዎን ሳይከፍቱ ቁጭ ብለው ያዳምጡ። ዳንሰኞች ብዙ ጊዜ እስከ ስምንት እየቆጠሩ ይሠራሉ፤ ቁጥሩን አብረው ከቆጠሩ የትኛው እርምጃ በየትኛው ምት ላይ እንደሚያርፍ ስለሚያውቁ ማይክዎን ቀድመው ያዞራሉ። ሙዚቃ በሌለበት ቦታ እርስ በርሳቸው በምን እንደሚጠባበቁም ያስተውሉ፤ ብዙውን ጊዜ በትንፋሽ ስለሆነ ያንን ትንፋሽ በኤዲቲንግ ጊዜ እንደ ጉድለት ቆጥረው እንዳያጠፉት። ወለሉ ምን እንደሆነ፣ ዳንሰኞቹ በባዶ እግር ወይስ በጫማ እንደሚደንሱ አስቀድመው ያጣሩ፤ በሲሚንቶ ላይ ባዶ እግር የሚያወጣው ድምፅ በጣም ትንሽ ስለሆነ የማይክ ምርጫዎ ይለወጣል።

ኮሪዮግራፈሩን ደግሞ ሙዚቃው ያለቀ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁት። ኮሪዮግራፈሩ መርስ ከኒንግሃምና የሙዚቃ ደራሲው ጆን ኬጅ ዳንሱንና ሙዚቃውን ለየብቻ አዘጋጅተው በመድረክ ላይ ያገናኟቸው ስለነበር፣ ዳንስ የግድ ሙዚቃን መከተል አለበት የሚል ሕግ የለም፤ የእርስዎ ኮሪዮግራፈርም ከሰውነት ድምፅ ብቻ የተሠራ ክፍል ቢያቀርቡለት ሊወደው ይችላል። ከመስማማትዎ በፊት ግን በእያንዳንዱ ትዕይንት መጨረሻ ያለ ሙዚቃ የሚደገመው ቀረጻ በዕለቱ የሥራ መርሐ ግብር ላይ በጽሑፍ እንዲገባ ይጠይቁ፤ በቃል ብቻ የተባለ እንደሆነ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በመጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው።