ልጆቼ ሳላረጅ አስረጁኝ

ጥያቄ፦

«ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት የሆነኝ የሒሳብ መምህርት ነኝ። 37 ዓመት አስተምሬያለሁ። ፋይሌ ላይ ያለው ዕድሜ 63 ነው። እናቴ ግን የወለደችኝ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ባሸነፈበት ዓመት እንደሆነ ነው የነገረችኝ፤ በሷ ቆጠራ 61 ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ሳሎን ተቀምጦ ሳለ ድንገት ወድቆ ነው የሞተው። መጀመሪያ ያገኘችው ሴቷ ልጄ ናት።

ከዚያ ወዲህ ልጆቼ እንደ አሮጊት ነው የሚይዙኝ። የባንክ ካርዴ ልጄ ጋ ነው። የሰፈር ልጆችን ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ላስጠና ብል ‹እማዬ፣ አልበቃሽም? እረፊ እንጂ› አሉኝ። ማኅበርተኞቼ ቁልቢ ገብርኤል ሲሄዱ እኔ ተከለከልኩ። ቨርጂኒያ ያለው ትልቁ ልጄ ሲደውል ‹እማዬ እንዴት አደረች?› ብሎ እህቱን ይጠይቃል፤ እኔ እኮ አጠገቧ ነኝ። ባለፈው ለደም ግፊቴ ክሊኒክ ስንሄድ ሐኪሙ ልጄን እያየ ‹ምናቸውን ነው የሚያማቸው?› አላት። እሷም መለሰችለት። እኔ ወንበሩ ላይ እንደ ዕቃ ተቀመጥኩ።

ይወዱኛል። ልጄ መድኃኒቴን ከነውኃው ታቀርብልኛለች፤ ሌሊት እየተነሳች ታየኛለች። ግን በቅርቡ እኔም የሰው ስም ሲጠፋብኝ ‹በቃ አረጀሁ› ማለት ጀምሬያለሁ። እውነት አርጅቻለሁ? ወይስ ልጆቼ ናቸው ያስረጁኝ?»

መልስ፦

ውድ መምህርት፣

ደብዳቤዎ ውስጥ በልጆችዎ ላይ አንድም ክፉ ቃል የለም። ነገሩን ያከበደብዎትም ይኸው ይመስለኛል። የሚበድል ልጅ ቢሆን ይቆጡታል፤ ሲብስም ሽማግሌ ያስገባሉ። መድኃኒት ከነውኃው የምታቀርብን ልጅ ግን በምን አፍ «ካርዴን መልሺ» ይሏታል?

ጥያቄዎን በቀጥታ ልመልስ። በጻፉልኝ ነገር ውስጥ እርጅና አላየሁም። ያየሁት ጤነኛ ሴት ከራሷ ጉዳይ ቀስ በቀስ ገለል ስትደረግ ነው። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ቤት ውስጥ አንድ ሰው «አርጅቷል» የሚባለው ዓመቱ ስለሞላ አይደለም። ሌላ ሰው ስለ እሱ መወሰን ሲጀምር ነው። ካርዱን፣ ጉዞውን፣ ለሐኪም የሚሰጠውን መልስ ሌላው ሲይዝለት የዚያን ቀን አረጀ ማለት ነው፤ 60ም ይሁን 80።

ስለ ቁጥሩም ትንሽ ልበል፤ የሒሳብ ሰው ነዎትና። በአገራችን ሕግ የጡረታ መውጫ 60 ነው። ይህ ቁጥር ከጉልበትዎ ወይም ከአእምሮዎ ተለክቶ የመጣ አይደለም። በዓለም ቀደምት ከሚባሉት የጡረታ ሕጎች አንዱ በ1889 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሲወጣ ዕድሜው 70 ነበር። በ1916 ደግሞ ወደ 65 ዝቅ ተደረገ። በዚያ መሀል የሰው ገላ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው። የእርስዎ ደግሞ ይብሳል። በእርስዎ ዘመን ትምህርት ቤት ሲገባ ዕድሜ በግምት የተጻፈለት ሰው ብዙ ነው። የእናትዎ ቆጠራ ትክክል ከሆነ ጡረታ የወጡት በ58 ዓመትዎ ነው። የመዝጋቢ እስክሪብቶ ሁለት ዓመት ወሰደብዎት ማለት ነው።

ልጆችዎስ ለምን ያረጁ መሰላቸው? አንዱ ምክንያት የሚቆሙበት ቦታ ነው። ጀርመን ውስጥ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት እየተከታተለ «እርጅና በስንት ዓመት ይጀምራል?» ብሎ የጠየቀ ጥናት በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 64 ዓመት የሆናቸው ሰዎች በአማካይ ወደ 75 ግድም አሉ። 74 ሲሞላቸው ደግሞ ወደ 77 አሻገሩት። ሴቶች ከወንዶች ሁለት ዓመት ገደማ አዘግይተው ነው የሚጠሩት። ሰው ወደ መስመሩ በቀረበ ቁጥር መስመሩን ወደፊት ይገፋዋል። ከ40 በላይ ያለ ሰው በአማካይ ከዕድሜው 20 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ እንደሚሰማው ያሳየ የዴንማርክ ጥናትም አለ። በዚያ ስሌት እርስዎ ውስጥዎን 49 ቢመስልዎት ጤነኛ ሰው ነዎት። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ላለች ልጅ ግን 61 ሩቅ አገር ነው። ይህ ልዩነት በማንም ቤት አለ፤ ብቻውን ቢሆን ቤተሰብ አያጣላም።

እናንተ ቤት ከዚህ የከበደ ነገር ተፈጥሯል። ደብዳቤዎን መልሰው ያንብቡት። «ከዚያ ወዲህ» ያሉት ከምን ወዲህ ነው? ከጡረታዎ ወዲህ አይደለም። ጡረታ ወጥተው ባለቤትዎ በሕይወት እያሉ ማንም ካርድዎን አልወሰደም። ልጅዎ አባቷን ሳሎን ውስጥ ወድቆ አገኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሷ ወላጅ ማለት ዞር ሲሉ ድንገት የሚታጣ ሰው ነው። ሌሊት እየተነሳች የምታየዎት ትንፋሽዎን ለማዳመጥ ይመስለኛል። እሷ ዓመትዎን አልቆጠረችም፤ ፈርታለች። ፍርሃቷ ግን የእርስዎን ስም ይዞ ነው የሚወጣው፦ «እማዬ አርጅታለች፣ እማዬ ይደክማታል፣ እማዬ መንገድ አትችልም።»

የማስጠናቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ልጆችዎ የሚፈሩት ሞትን ብቻ አይመስለኝም። በእኛ አገር ወላጅን መጦር የልጅ ማዕረግ ነው። ልጅ ተምሮ፣ ውጭ ሄዶ፣ ብር መላክ ሲጀምር እናቱ ቁጭ ብላ እንድትበላ ይፈልጋል፤ ጎረቤትም እንዲያይለት ይፈልጋል። የሰፈር ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤትዎ ሲገቡ ቨርጂኒያ ያለው ልጅዎ የሚሰማው «በዚህ ዕድሜዋ እናታቸውን ያሠሯታል» የሚለውን የሰው አፍ ነው። ይሉኝታ ይዞታል። እርስዎ ደግሞ ማስተማር ስለሚወዱ ነው የጠየቁት። ሁለታችሁም ስለተለያየ ነገር እያወራችሁ ነው። እንዲህ ይበሉት፦ «የምትልከው ገንዘብ አላነሰኝም፤ እግዜር ይስጥህ። 37 ዓመት የሠራሁትን ሥራ ናፍቄ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት አስጠናለሁ።» ፈቃድ አይጠይቁ። ይንገሩት። ማስከፈል አለማስከፈል የእርስዎ ጉዳይ ነው።

አንድ የሚያስቆጨኝን ነገር እዚህ ላንሳ። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ለሽምግልና ይላካል። ዕድር ላይ ይመረጣል፤ ሲናገር ይደመጣል። «እረፍ» የሚለው የለም። ስንት ሺህ ልጅ ያስተማረች ሴት ግን በዚያው ዕድሜ ጋቢ ተደርቦላት ጥግ ትያዛለች። ፍቅር ነው ብለን ስለምናደርገው አይታወቀንም እንጂ ትልቅ በደል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ነገሩ እንደ ቀላል እንዳይታለፍ ስለምፈልግ። በ1976 እ.ኤ.አ. ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ጥናት አደረጉ። የአንዱን ፎቅ ነዋሪዎች ሰብስበው «ክፍላችሁ እንዴት እንዲሆን እንደምትፈልጉ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ» አሏቸው። የፊልም ቀናቸውን እንዲመርጡ ተደረገ። የአበባ ተክልም ቀረበላቸው፤ የፈለገ መርጦ ወሰደ፤ ውኃ የሚያጠጣው ራሱ ነው። የሌላው ፎቅ ነዋሪዎችም ተክል ተሰጣቸው። ለእነሱ ግን «ሠራተኞቻችን ይንከባከቡላችኋል፤ እናንተ ደስ እንዲላችሁ እኛ እንሠራለን» ተባለ። መልካም ቃል ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲታዩ ውሳኔ የተሰጣቸው ሰዎች የበለጠ ንቁና ደስተኛ ነበሩ፤ ነርሶቹም ይህንኑ አዩ። ሁለቱ ፎቆች አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። የለያቸው ማን ይወስናል የሚለው ነው።

ልጆችዎ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጠውዎታል፤ በፍቅር። የስም መጥፋቱንና «አረጀሁ» ማለትዎን ከዚህ ጋር ነው የማየው። ሰው እንዳረጀ ሲነገረው ውሎ ሲያድር ያምናል። ካመነም መሞከር ይተዋል፤ ያልተሞከረው ነገር ደግሞ ይከብዳል። የየል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ስለ ራሳቸው ዕድሜ መግፋት በጎ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች ከሌሎቹ በአማካይ 7 ዓመት ተኩል በልጠው ኖረዋል። ይህ በጎ ሐሳብ ብቻውን ዕድሜ ይቀጥላል ማለት አይደለም። ግን ለራስዎ የሚሉትን ቃል በቀላሉ እንዳያዩት ነው የምነግርዎት።

ቢሆንም አካልን ማዳመጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ስም ምላስ ላይ ጠፍቶ ቆይቶ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ አያስጨንቅዎት። በሚያውቁት ሰፈር መንገድ ቢጠፋብዎት፣ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ቀን ደጋግመው እንደሚጠይቁ ሰው ቢነግርዎት፣ ወይም ድሮ በቃልዎ የሚሠሩት የቤት ሒሳብ ቢምታታብዎት ግን ሳይቆዩ ሐኪም ያማክሩ። የመርሳት ችግር ሁሉ ደግሞ ከእርጅና አይመጣም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የእንቅልፍ ማጣት ወይም ድባቴ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ደከም ሲል ያልተሰማው ነገር የተረሳ ይመስላል። ባልዎን አጥተው ሁለት ዓመትዎ ነው፤ ሐዘን ራሱ ትኩረት ይወስዳል። ስለዚህ ዓይንዎን፣ ጆሮዎንና ደምዎን ይመርመሩ። ውጤቱ ደኅና ከሆነ ለልጆችዎ ማሳያ ይሆንዎታል። የሚታከም ነገር ከተገኘም ይታከማል።

ለራስዎ መናገርንም ከዚሁ ምርመራ ይጀምሩ። ክሊኒክ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ሳላችሁ ለልጅዎ «ሐኪሙን የማናግረው እኔ ነኝ፤ አንቺ የሚለውን ያዢልኝ» ይበሏት። እንዲህ ሲሆን ሥራ ሰጧት እንጂ አላባረሯትም። ሐኪሙ ወደ እሷ ከዞረ «ዶክተር፣ በሽተኛዋ እኔ ነኝ» ይበሉ። ነውር የለውም። የሐኪም ዓይን ወደ አስታማሚ መዞሩ ልማድ ነው፤ ሲነገረው ይመለሳል።

ካርዱን ይቀበሉ። ልጅዎን የሚያሰጋት ገንዘብ የሚያታልሉ ስልክ ደዋዮች ከሆኑ ስጋቷ እውነት አለው፤ እነሱ ወጣቱንም አልማሩም። «የሚስጥር ቁጥሬን ለማንም አልነግርም፤ ትልቅ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት አማክርሻለሁ» ብለው ተስማሙ። ካርዱ ግን የእርስዎ ቦርሳ ውስጥ ይደር።

ቁልቢን በተመለከተ ልጆችዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። መንገዱ የቀን ሙሉ ነው፤ በታኅሣሥ 19 ያለውን ግፊያ ያውቁታል። ይህን ማመን «አርጅቻለሁ» ማለት አይደለም፤ የ30 ዓመት ሰውም ግፊያ ውስጥ ይወድቃል። የግፊት መድኃኒትዎን ከሚያስፈልግዎት ቀን በላይ አድርገው በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርደው እግርዎን ያፍታቱ። ከማኅበርተኞችዎ አንዷ ከጎንዎ እንደማትለይ ለልጅዎ በስልክ ትንገራት። ከዚያ ይሂዱ።

የቀረው ትልቁ ልጅዎ ነው። እህቱ ስልክ እስክትሰጥዎት አይጠብቁ። ቀድመው ራስዎ ይደውሉለት፤ በሳምንት አንድ ቀን የእርስዎ ቀን ይሁን። ስለ ጤናዎ ሲጠይቅ ይመልሱለት፤ ከዚያ እርስዎም ስለ ሥራው፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁት። ምክር ካለዎት ይምከሩት። እናቱ እንደሆኑ የሚያስታውሰው ሲጠየቅና ሲመከር ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አያድርጉት። ካርዱን ዛሬ፣ ቁልቢን ነገ፣ ማስጠናቱን ከነገ ወዲያ ካሉ ቤቱ ይናወጣል። ከክሊኒኩ ይጀምሩ።

ሴት ልጅዎ ይህን ካነበበች ለእሷም አንድ ቃል አለኝ። እህቴ፣ አባትሽን በዚያ ሁኔታ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ለቅሶው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ፤ አንቺ ደግሞ እናትሽን መጠበቅ ጀመርሽ። ሌሊት መነሳትሽ፣ እናትሽ ከቤት ስትወጣ ልብሽ መምታቱ፣ ያ ቀን ዓይንሽ ላይ እየመጣ መቸገርሽ ሁለት ዓመት ከዘለቀ በራሱ እስኪያልፍ አትጠብቂው። ድንገተኛ ሞትን ያየ ሰው እንዲህ ይሆናል፤ ይታከማልም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም አናግሪ። ቀጠሮውን በራስሽ ስም ያዢ፤ እናትሽን ለማሳየት ብለሽ አይደለም።