ጥያቄና መልስ፦ የኮቶኑ ነዋሪ ለኤች አይ ቪ የሚጋለጠው በምን ምክንያት ነው?

የዛሬው መላሻችን በአባላዘር በሽታዎች ሥርጭት ላይ የሚሠሩ ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ዶክተር፣ በምዕራብ አፍሪካ ከተሞች ኤች አይ ቪ ከምሥራቁና ከደቡቡ ያነሰው ሕዝቡ ጨዋ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 የቤኒኗ ኮቶኑ፣ የካሜሩኗ ያውንዴ፣ የኬንያዋ ኪሱሙና የዛምቢያዋ ንዶላ በአንድ ዓይነት መጠይቅና የደም ምርመራ ተጠንተዋል። ቫይረሱ በኮቶኑ የተገኘው ከመቶ አዋቂዎች በ3 ገደማ ሲሆን፣ በኪሱሙና በንዶላ ሴቶች ዘንድ ግን 30 ገደማ ደርሷል። የወሲብ ጓደኛ መቀያየር ጎልቶ የታየው ግን ሥርጭቱ ከሁለቱ እጅግ ባነሰባት በያውንዴ ነበር። ልዩነቱን ይበልጥ ያስረዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በኮቶኑና በያውንዴ ወንዱ ሁሉ ማለት ይቻላል የተገረዘ ነው፤ በኪሱሙና በንዶላ ደግሞ የብልት ሄርፒስ የተባለው የአባላዘር በሽታ በለጋ ወጣት ሴቶች ዘንድ ሳይቀር ተስፋፍቶ ነበር። ሄርፒስ ቆዳውን ከማቁሰሉም በላይ ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸውን ሴሎች ወደ ቁስሉ ስለሚሰበስብ፣ ለቫይረሱ መግቢያ ያመቻቻል። አደራ፣ ግርዛት ወንዱ ከሴት የመያዝ ዕድሉን በ60 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ አጠገቡ ላለችው ሴት ደግሞ ቀጥተኛ መከላከያ አይሆንም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የተገረዝኩ ነኝ፤ ኮንዶም ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ነርስ)፦ በኮቶኑ ቫይረሱ በየትኛው መንገድ ወደ ቤተሰብ ይገባ ነበር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ኮቶኑ የወደብ ከተማ ናት፤ ከአቢጃን ወደ ሌጎስ የሚወስደው አውራ ጎዳናም በመሐሏ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው ነበር፤ ብዙዎቹም ከጋና የመጡ ነበሩ። ደንበኛው የጭነት መኪና ሾፌር ወይም ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ በሞተር ብስክሌት ሰው የሚያመላልስ ዘሚጃን ሊሆን ይችላል፤ ማታ የሚመለሰው ወደ ሚስቱ ነው። ሴቶቹን መውቀስ ከንቱ ነው፤ ያለ ኮንዶም ለመገናኘት ገንዘብ የሚጨምረው ደንበኛው ነው። ኮንዶም በማዳረስና የአባላዘር በሽታዎችን በማከም እ.ኤ.አ. በ1999 ከእነዚህ ሴቶች ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው ወደ 41 ከመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል።

አስተያየት (ከጅማ)፦ ችግሩ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት ነው።

አስተያየት (ከዋሽንግተን)፦ ወንድሜ፣ ድህነት ነው እንጂ! ሀብታም ማን ይያዛል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቸኩላችኋል። ባልና ሚስቶቹ ሁሉ ቫይረሱ ከሌለባቸውና እርስ በርስ ከተወሰኑ የጋብቻው ቁጥር ብቻውን አያጋልጥም፤ አደጋው ከውጭ በሚያዝ ወዳጅ በኩል ይገባል። ድህነትም ሴቲቱን እንቢ የማለት አቅም ያሳጣታል፤ ሆኖም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ባለጸጎቹ ከድሆቹ ይልቅ ተይዘው የተገኙበት ጊዜ አለ። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ስለ ኤች አይ ቪ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለኝም፤ ምን ማወቅ እንደፈለጉ ለይተው ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ግርዛት መቶ በመቶ ይከላከላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሦስት ጊዜ አልመልስም። ግርዛት ጋሻ አይደለም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦ በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘው ኤች አይ ቪ 2 የሚለየው በምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለተኛው የቫይረሱ ዓይነት ነው፤ በጊኒ ቢሳውና በአካባቢው ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ከኤች አይ ቪ 1 ይልቅ በዝግታ ያዳክማል፤ ከሰው ወደ ሰው የመተላለፍ ኃይሉም ያነሰ ነው። ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ የተባሉት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ስለማይሠሩበት፣ ከዚያ አካባቢ ለመጣ ሕሙም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የቫይረሱን ዓይነት ለይታችሁ መርምሩ።