«ተጫኚና ፈርሚ» ላሉሽ እህቴ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። በኤሌክትሮ መካኒካል ደረጃ 4 ጨርሰሻል፣ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፈሻል። ስታዲየም አካባቢ ባለ አዲስ ሆቴል ምድር ቤት የናፍጣ ቦይለር ከሚተክል ተቋራጭ ጋር መሥራት ከጀመርሽ ሦስተኛ ወርሽ ነው። አለቃሽ «ይሄ ምን አለው፣ ማብሪያውን ተጫኚና የርክክቡን ወረቀት ፈርሚ» አለሽ። ስትሞክሪው ሁለቴ እምቢ አለና ቀይ መብራት አበራ። ሪሴቱን (ከቆለፈ በኋላ እንደገና ማስነሻውን) ደግመሽ ስትጫኚ «ድው!» ብሎ ነደደ፣ ጭስ ማውጫውም ተንቀጠቀጠ። ጥያቄሽ ሁለት ነው። ልፈርም ወይ? ሙያውስ እንጀራ ይሆናል ወይ?

አትፈርሚ። ከዚህ እንጀምር።

ያ «ድው» በድምፅ ብቻ ያለፈው ዕድለኛ ስለሆንሽ ነው። በርነሩ፣ ማለትም ናፍጣውን የሚያነደው ክፍል፣ ሲነሳ መጀመሪያ ፋኑ ብቻውን ዞሮ የእሳት ክፍሉን ያናፍሳል። ከዚያ ብልጭታው ይመጣል፣ ናፍጣውም በኖዝሉ፣ በጠባቧ መርጫ አፍ፣ እንደ ጉም ይረጫል። እሳቱን የምታየው ፎቶሴል የምትባል ትንሽ ዓይን ነች። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እሳት ካላየች ሁሉንም ትቆልፋለች። ቀዩ መብራት እሱ ነው። በነዚያ ሰከንዶች የተረጨው ናፍጣ ግን የትም አልሄደም፤ እሳት ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል። ሪሴት በጫንሽ ቁጥር ሌላ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ሲቀጣጠል የተጠራቀመው ሁሉ አንዴ ይነሳል። እኔ ቦይለር ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት በዚህ ምክንያት የበርነሩ በር ተገንጥሎ ግድግዳ ሲመታ አይቻለሁ። ኦፕሬተሩ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር፣ ተመስገን። ስለዚህ ሁለተኛ ከቆለፈ እጅሽን ሰብስቢና ምክንያቱን ፈልጊ። ብዙ ጊዜ የናፍጣ መስመሩ ውስጥ የቀረ አየር ነው። ካልሆነ የተዘጋ ፊልተር፣ ቦታውን የሳተ ኤሌክትሮድ (ብልጭታ ሰጪው) ወይም የቆሸሸ ፎቶሴል ይሆናል።

ሰው ቦይለር ሲነድ ካየ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ኮሚሽኒንግ ላይ፣ አዲሱን ተከላ ፈትሾ ሥራ በማስጀመር ላይ፣ ትልቁ ሥራ ግን መጥፋት ባለበት ሰዓት መጥፋቱን ማየት ነው። እየነደደ ሳለ ፎቶሴሏን ከቦታዋ አውጪና በጣትሽ ሸፍኛት። እሳቱ ወዲያው መጥፋት አለበት፣ በርነሩም መቆለፍ አለበት። ካልቆለፈ ያን ቀን ሥራ የለም። የውሃ ማነስ መቆጣጠሪያው፣ የሙቀት ገደቡ፣ የናፍጣ መስመሩ ላይ ያለው የእሳት ቫልቭ (እሳት ሲነሳ ናፍጣውን የሚዘጋው)፣ ሁሉም በተራ ይሞከራሉ። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው የሴፍቲ ቫልቭ መውጫ ቱቦ ወደ ሰው እግር እንዳይተፋ እይው። እሳት ከመለኮሱ በፊት ደግሞ ቧንቧው በቀዝቃዛ ውሃ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ተሞክሮ፣ አየሩም ወጥቶ መሆን አለበት። አዲስ የናፍጣ ታንከር ሥር ውሃና ዝገት መኖሩን ስንቱ እንደሚረሳ ብነግርሽ!

አሁን ወደ ልኬቱ። መመሪያው ላይ ያለውን የአየር ቁጥር እንዳለ እንዳትገለብጪ። ብዙ ጊዜ የተሰላው ለባሕር ጠለል ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየራችን ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢነፋም የሚያስገባው ኦክስጅን ያንሳል። ናፍጣውን ሳትነኪ ከተውሽው ጥቁር ጭስና ጥላሸት ታያለሽ። ወይ አየሩ ይጨመራል፣ ወይ ትንሽ ኖዝል ይገባል። ኖዝሉ ካነሰ ጉልበቱም በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ለባለሆቴሉ ቀድመሽ ንገሪው፣ ኋላ «ውሃው አይሞቅም» ብሎ እንዳይጮህብሽ። በዓይን ደግሞ አይለካም። የጭስ መለኪያ መሣሪያ ይግባ። ለናፍጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 12 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በወረቀት የሚወሰደው የጥላሸት ናሙና ከ1 ቁጥር እንዳይበልጥ። ካርቦን ሞኖክሳይዱንም ጻፊው። ምድር ቤት ነው ያላችሁት፤ የአየር መግቢያው በካርቶን ተዘግቶ እንዳይሆን። ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን የአዲስ አበባ ልጅ አይነገራትም። ያም ይኸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

እንጀራውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ይሆናል፤ ግን ጠባብ ነው። እዚህ አገር በየቤቱ «ቦይለር» ሲባል ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። የናፍጣው ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ላውንደሪና ፋብሪካ ነው የሚገኘው። ውጭ አገር ብዬ አስቤያለሁ ላልሽው፣ በሰሜን አየርላንድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት የሚሞቀው በዘይት ቦይለር ነው፤ የሚያነዱትም በአብዛኛው ነጭ ጋዝ ነው። እዚያ ኦፍቴክ የሚባል የቴክኒሻኖች ምዝገባ አለ፣ ፈተናውም እዚያው ነው። የኛ ሲኦሲ በቀጥታ አያስገባሽም። እነሱም ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ እየዞሩ ስለሆነ በበርነር ብቻ አትወሰኚ፤ የኮንትሮል ፓነል ሥራውን አጥብቀሽ ያዢ። እስከዚያው ግን የነካሽውን ቦይለር ሁሉ ቀን፣ የኖዝል መጠን፣ የፓምፕ ግፊትና የጭስ ልኬት በደብተር መዝግቢ። ቀጣሪ ሆኜ ሲቪና ያን ደብተር ብታቀርቢልኝ የማነበው ደብተሩን ነው።

ለአለቃሽ በጨዋ ደንብ ንገሪው። «ኢንጂነር፣ ወረቀቱ ላይ የልኬት ቦታው ባዶ ነው። መለኪያው ይምጣና አብረን ሞልተን እፈርማለሁ» በይው። ይቆጣ ይሆናል። ነገ ጠዋት ግን ከሱ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ዋናውን ማብሪያ አጥፊ፣ የእሳት ክፍሉን ክፈቺና በባትሪ እይው። የተኛ ናፍጣ ካለ በጨርቅ አድርቂው። እስኪደርቅ ማንም ሪሴት እንዳይነካ የፓነሉን ቁልፍ ኪስሽ ውስጥ ያዢው።