ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ አሰልጣኝ መሆን ለምትፈልጉ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ «የስፖርት አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ አሜሪካ ያደጋችሁ ናችሁ። እኔም በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ነው አጎቴ ዘንድ የመጣሁት። ቤዝቦልን ሃይስኩል ተማርኩ። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ተጫወትኩ። ከዚያ መካከለኛው ምዕራብ ባለ ሌላ ትንሽ ኮሌጅ መጀመሪያ ረዳት፣ በኋላ ዋና አሰልጣኝ ሆኜ እስከ ጡረታ ሠራሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ይህን ሥራ በቅዳሜው አትምረጡት። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ ቤተሰብ ይመጣል፣ ይጨበጨባል። ማክሰኞ ግን ማንም የለም። ሥራው ደግሞ ባብዛኛው ማክሰኞ ነው።

መጋቢት ላይ ነን እንበል። ሌሊቱን ዘንቧል። ከሰዓት በኋላ ልምምድ አለ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሜዳ ሠራተኛ አላቸው። እኛ ዘንድ የሜዳ ሠራተኛው አሰልጣኙ ነው። ጠዋት ቦት ጫማ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። ፒቸሩ የሚወረውርበትን ጉብታ የሸፈነውን ሸራ ዳርና ዳር ይዛችሁ ታነሳላችሁ፤ ውሃው ተመልሶ ጉብታው ላይ እንዳይፈስ ወደ ውጭው ሣር ትገለብጡታላችሁ። ሯጮች የሚረግጧቸው ቤዞች አጠገብ ውሃ ያቆረ ቦታ አይጠፋም። ጀማሪ ረዳት ሮጦ መጥረጊያ ያነሳል። ተው እለዋለሁ። ውሃውን ስትጠርገው አፈሩም አብሮ ይሄዳል፣ ቦታው ይጎደጉዳል፣ በሚቀጥለው ዝናብ የባሰ ያቁራል። በስፖንጅ እየመጠጡ ባልዲ ውስጥ መጭመቅ ነው። ከዚያ ተቃጥሎ የደቀቀ ሸክላ ትበትኑበታላችሁ፤ የቀረውን እርጥበት እሱ ይመጠዋል። አፈሩና ሣሩ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ደግሞ አፈር እየተከማቸ ትንሽ እርከን ይሠራል። ካላስተካከላችሁት መሬት ለመሬት የምትመጣ ኳስ እሱን ነክታ ትነጥርና የልጁን ጥርስ ታረግፋለች። ጠዋቱ በዚህ ያልቃል።

ከልምምዱ በፊት ደግሞ የአውቶቡስ ኪራይ፣ የመንገድ ምግብ፣ የማሊያ አጠባ፣ ሒሳብ ያቃተውን ልጅ አስጠኚ ጋር ማገናኘት አለ። ክረምቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ሰሜን ካላችሁ ጥርና የካቲት ሜዳው በረዶ ነው። ልምምዱ ጂም ውስጥ ነው፤ ጂሙን ቅርጫት ኳሱ ስለሚይዘው የእናንተ ተራ የሚደርሰው ማታ አምሽቶ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ላስፈራራችሁ አይደለም። እኔ ያንን የጠዋት ሜዳ እወደው ነበር። እናንተም የምትወዱት ዓይነት ሰዎች መሆናችሁን ቀድማችሁ እወቁ ለማለት ነው።

ሌላው፣ ትንሹን ቦታ መሰላል አታድርጉት። «እዚህ ጥቂት ቆይቼ ወደ ትልቁ እሄዳለሁ» የሚል ወጣት ብዙ አይቻለሁ። መሄድ ነውር የለውም። ግን ዓይኑ ሁልጊዜ በር ላይ ከሆነ ልጆቹ ወዲያው ያውቁበታል። ደግሞስ ትንሽ ቦታ ትልቅ ሥራ አይሠራም ያለው ማነው? ኦሃዮ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ያለች ማሪየታ የምትባል ከተማ አለች። ማሪየታ ኮሌጅም ትንሽ ነው። ዶን ሻሊ እዚያው ተምረው፣ ከ1964 እስከ 2003 ድረስ እዚያው አሰለጠኑ። 1,442 ጨዋታ አሸነፉ። በ1981፣ በ1983 እና በ1986 ዲቪዥን 3 የሚባለውን የኮሌጆች ምድብ ብሔራዊ ዋንጫ ወሰዱ። ሲለቁ የተኳቸው ራሳቸው ያሰለጠኑት ብራያን ብሩወር ናቸው፤ እሳቸውም በ2006፣ በ2011 እና በ2012 ዋንጫውን ደገሙት። ሻሊ ካሰለጠኗቸው ተጫዋቾች አንዱ ፒቸሩ ኬንት ተካልቪ ነው። ኮሌጅ ሲጨርስ ማንም ፕሮፌሽናል ቡድን በድራፍት አልመረጠውም። በ1969 ፒትስበርግ ለሙከራ ሄዶ ነው የተፈረመው። በ1979ኙ የዓለም ሲሪዝ፣ ማለትም በፕሮፌሽናል ቤዝቦሉ የፍጻሜ ውድድር፣ የፒትስበርጉ ቡድን ፓይሬትስ ዋንጫ ሲያነሳ የመጨረሻዋን ኳስ የወረወረው እሱ ነበር።

አይዳሆ ውስጥ ሉዊስተን የሚባል ከተማ ደግሞ ኤድ ቼፍ ነበሩ። ኤንኤአይኤ በሚባለው፣ ባብዛኛው የትንንሽ ኮሌጆች በሆነው የስፖርት ማኅበር የሚወዳደረውን ሉዊስ ክላርክ ስቴት ኮሌጅን ይዘው 16 ብሔራዊ ዋንጫ አነሱ። ኢሊኖይ ውስጥ ጎርዲ ጊሌስፒ ዕድሜያቸው ሰማንያ ካለፈ በኋላም ያሰለጥኑ ነበር። እነዚህ ሰዎች ትልልቁን ዩኒቨርሲቲ አልጠበቁም። ያሉበትን ቦታ ሥራዬ ብለው ያዙት።

አሁን ስለ ገንዘብ እናውራ። ይህ እናንተንም ወላጆቻችሁንም ይመለከታል። ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ በ1973 ኮሌጆቹን በሦስት ዲቪዥን ከፈላቸው። ዲቪዥን 3 ውስጥ በስፖርት ምክንያት ስኮላርሺፕ መስጠት ክልክል ነው። በትምህርት ውጤት ወይም በቤተሰብ ገቢ የሚገኝ ድጋፍ ግን አለ፤ አንዳንዴም ጠቀም ያለ ነው። ለምልመላ የሐበሻ ቤት ስገባ ቡናው ይፈላል፣ ከዚያ እናትየው «ቤዝቦሉ ምን ያደርግለታል?» ትለኛለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ቁርጡን እነግራታለሁ። «ከቤዝቦሉ አንድ ብር አያገኝም። የትምህርት ውጤቱን ስጪኝና የኮሌጁ የፋይናንስ ክፍል ምን ሊያግዘው እንደሚችል አብረን እንይ» እላታለሁ። ቤት ሸጠው፣ ተበድረው ልጃቸውን ከስቴት ስቴት በሚዞሩ ውድ የክለብ ቡድኖች የሚያጫውቱ ወላጆች አሉ፤ አንጀቴን ይበሉኛል። ከፍተኛው ምድብ ዲቪዥን 1 ራሱ እስከ 2024-25 ድረስ ለአንድ የቤዝቦል ቡድን የሚፈቅደው 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። እሱኑ ብዙ ተጫዋች ይካፈለው ነበር። ስለዚህ ብዙው ልጅ ሙሉውን አያገኝም ነበር። ለመዝናናት፣ ለፍቅር ከሆነ ያጫውቱት። ለኮሌጅ ክፍያ ብለው ከሆነ ግን ያንን ገንዘብ ለኮሌጁ ቢያስቀምጡት ይሻላል።

ገንዘቡ አለመኖሩ አሰልጣኙንም ይቀይረዋል። ልጁን የምታስሩበት ገመድ የለም። ዛሬ ቢያኮርፍ ነገ ማሊያውን መልሶ ትምህርቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በጩኸት ብዙ አትሄዱም። የሚያቆየው ከእናንተ የሚማረው ነገር ካለ ነው።

ከሁሉም የሚከብደውን ልንገራችሁ። ቡድኑ ውስጥ አርባ ልጅ ሊኖር ይችላል። ሜዳ የሚገባው ዘጠኝ ነው። የቀረው ይቀመጣል። ልጆቹ ሁሉ ከሃይስኩል የመጡት ኮከብ ሆነው ነው፤ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ አሰልጣኝን የምመዝነው የሚቀመጡትን እንዴት እንደሚይዝ አይቼ ነው። ብዙው አሰልጣኝ ይሸሻቸዋል። «በርታ፣ ቀንህ ይመጣል» እያለ ልባቸውን ሰቅሎ ያቆያል። ይህ ደግነት ይመስላል። ግን የሰውን ልጅ አራት ዓመት መውሰድ ነው።

ቁርጡን በጊዜ ንገሩት። በስልክ መልእክት ሳይሆን፣ በር ላይ በተለጠፈ ዝርዝርም ሳይሆን፣ ፊት ለፊት፣ ቢሮ ዘግታችሁ። ምን እንደጎደለው በግልጽ ንገሩት። «ፈጣን ኳስ ላይ እጅህ ይዘገያል፣ ክረምቱን ሠርተንበታል፣ አልተሻሻለም» በሉት። ምክንያት ከሌለው ውሳኔ ምክንያት ያለው መጥፎ ዜና ይሻላል። ከዚያ ዝም በሉና ይናገር። ቢያለቅስም ይልቀስ፤ ሰዓት አትዩ። መጨረሻ ላይ ሊያደርገው የሚችለው ሥራ ካለ አሳዩት፤ ከሌለ አትፍጠሩለት።

አንድ ካቸር፣ ፒቸሩ የሚወረውረውን ኳስ የሚቀበል ልጅ፣ ነበረኝ። ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ጥቅምት ወር ጠርቼ፣ ቋሚ እንደማይሆን ነገርኩት። ሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ፒቸሮቹ በሚያሟሙቁበት ቦታ ኳስ መቀበሉን ለኔ ተውልኝ አለ። ሰጠሁት። የእያንዳንዱን ፒቸር ነገር በማስታወሻ ደብተር ይጽፍ ጀመር፤ የማን ክርን እንደሚወርድ፣ ማን ሲደክመው ኳሱ ከፍ እንደሚል። ሚያዝያ ላይ ፒቸር ከመቀየሬ በፊት እሱን ነበር የምጠይቀው። ዛሬ የሃይስኩል አሰልጣኝ ነው፤ ተጫዋቾቹንም ልኮልኛል። ሌላው ልጅ ደግሞ ያንኑ ቃል ሰምቶ በማግስቱ ለቀቀ፤ ጊዜውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳለፈ፣ አሁን ፋርማሲስት ነው። ሁለቱም ጥሩ ወጣላቸው።

ስለ ኑሮው አልዋሻችሁም። ረዳት ሆኜ ስጀምር ደሞዜ የቤት ኪራይ አይችልም ነበር፤ ሌሊት ሌላ ሥራ እሠራ ነበር። ዛሬም ብዙ ትንንሽ ኮሌጆች ለረዳት የሚከፍሉት የኪስ ገንዘብ ነው። ሻል ያለው መንገድ እየተማሩ ማሰልጠን ነው። ብዙ ኮሌጆች ለማስተርስ ተማሪ የትምህርት ክፍያውን ችለው፣ ትንሽ አበል ጨምረው ረዳት አድርገው ይይዙታል። ዲግሪው ይቀርላችኋል። የአሜሪካ ቤዝቦል አሰልጣኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር ላይ ትልቅ ስብሰባ ያደርጋል። ሥራ ፈላጊውም ቀጣሪውም እዚያ ነው። አንድ አልጋ ለሦስት ተካፍላችሁም ቢሆን ሂዱ።

ትዳር ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ፀደይ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ቤት አትገኙም። ፋሲካ ብዙ ጊዜ ጨዋታ መሃል ይውላል። ባለቤቴ ይህን ገና ከጅምሩ ስለምታውቅ የእኛ ቤት ፋሲካ ሰኞ ማታ ይከበር ነበር፤ ዶሮውም ይጠብቀኝ ነበር።

ለቃለ መጠይቅ የጠራችሁ ኮሌጅ ሲኖር ስለ ዋንጫ አትጠይቁ። ሜዳውን የሚያስተካክለው ማነው በሉ። ማሊያውን ማን ያጥባል? አውቶቡሱ ባለሾፌር ነው ወይስ ቫኑን የምነዳው እኔ ነኝ? የጤና ኢንሹራንስ አለው ወይ? ቡድኑ ውስጥ ከገቡት ስንቱ ተመረቀ? ይህን የመጨረሻውን ከስፖርት ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ከሬጅስትራሩም ጠይቁ። ከዚያ አንድ የማክሰኞ ልምምድ ልይ በሏቸው፤ ስታዩም ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁት ልጆች አጠገብ ቁሙ።